የሃያ ሁለት ወር ክፍተት

ጥቅምት 6፣ ከማስታወሻዬ

የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ ፖስታ ቤት ሳይደርስ እዚህ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ። የሚመጣልኝንም በትይዩው ገጽ ላይ እለጥፋለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ምን እንዳልኩ በእጄ ሳይኖር «እንዲህ ብለህ ነበር» መባል አልወድም። የምሸጠው ቀለም ነው፤ የግድግዳ፣ የብረት፣ የእንጨት። በሰው አገር፣ በዚሁ ጥግ ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት።

ዛሬ የእህቴ ልጅ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያለችኝ እህት አንድ ነበረች፤ በሚያዝያ አረፈች። ልጇ ከዚያ ወዲህ ሲጽፍልኝ የመጀመሪያው ነው።

መስከረም 24

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለው? ሱቁስ እንዴት ይዞዎታል? ፈጣሪ ዕድሜና ጤና እንዲያበዛልዎ እየተመኘሁ፣ እኛ ሁላችን ደህና ነን። ታናሽ እህቴ ደህና ናት፤ ባሏም ሁለቱ ልጆችም ደህና ናቸው። እኔ የምኖረው እነሱ ዘንድ ነው። ሳሎን እተኛለሁ። ልጆቹ ለትምህርት ቤት ከመነሳታቸው በፊት ፍራሹን አጥፌ ከሶፋው ጀርባ አቆመዋለሁ።

የጻፍኩት ገንዘብ ለመጠየቅ አይደለም። ስለ ሥራ ነው።

እንደሚያውቁት ከጠርሙስ ፋብሪካው የወጣሁት እናቴ ስትታመም ነው። ሰባት ዓመት መጋዘን ውስጥ ሠርቼ በአንድ ወረቀት ለቀቅሁ። ከዚያ እናቴ እስክታርፍ ድረስ ሃያ ሁለት ወር ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ከነሐሴ ወዲህ ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ሦስቱም ጋ ደህና እሄድና አንድ ጥያቄ ላይ እቆማለሁ። «ከጠርሙስ ፋብሪካው በኋላ ምን ስትሠራ ነበር?» ይሉኛል። መልሱን አውቀዋለሁ። አፌ ግን አይከፈትም። አልፈራም፤ እንባም አይመጣብኝም። ዝም ነው።

ከሦስቱ በአንዱ፣ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ፣ ጠያቂው እስክመልስለት ሲጠብቅ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለ ስቴፕለር ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥር አነብ ነበር። ቁጥሩን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ። «ጥያቄው አልገባህም እንዴ?» አለኝ። «ገብቶኛል» አልኩት። «እንግዲያው?» አለ። «እንግዲያው» አልኩ እኔም። እንደውልልሃለን ብለው ሸኙኝ።

የእህቴ ባል መምህር ነው፤ ደግ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት «እስከ ጥር ምንም አይደል» አለኝ። እህቴ ሦስተኛ ልጅ ይዛለች፤ የምትወልደው በጥር ነው። እኔ በምተኛበት ቦታ አልጋ ሊገባ ነው።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሰው ሲቀጥሩ ኖረዋል። ሰው ምን ብሎ ሲመልስ ነው የሚቀጠረው? ይህችን ብቻ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለሽማግሌው

ሰላም ለአንተና ለቤቱ ሁሉ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደነበረ ነው፤ ሱቁም እንደነበረ ነው። ሽማግሌው ያልኩህ አልረሳሁትም ለማለት ነው። በአራት ዓመትህ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ ስትንጎራደድ እናትህ ያወጣችልህ ስም ነው። አሁን ዕድሜህ ሊደርስበት ነው።

ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ሰው የሚቀጠረው በመልሱ አይደለም። ቀጣሪ መልስህን የሚሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። በልቡ «ይሄ ሰው ነገ ጠዋት ይመጣል? ከሠራተኞቼ ጋር ይስማማል? እጁስ ንጹሕ ነው?» እያለ ነው። የተጠየቅኸው ሌላ ቢሆንም የምትመልሰው ለእነዚህ ነው።

ሩብ ሰዓት ቀድመህ ድረስ፤ ነገር ግን አምስት ደቂቃ እስኪቀር አትግባ። በጣም ቀድሞ የገባ ሰው የቸገረው ይመስላል። ዘበኛውን በደንብ ሰላም በለው። አንተ ከወጣህ በኋላ «እንዴት ያለ ሰው ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ሲቪህን በአራት ኮፒ ያዝ። ወረቀት ያልደረሰው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ያ ሰው ደግሞ የሚያኮርፈው ነው። ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀመጥ፤ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ለመሄድ የተዘጋጀ ነው። ከሚጠይቅህ ይልቅ ዝም ብሎ የሚጽፈውን ልብ በል፤ ብዙ ጊዜ የሚወስነው እሱ ነው።

«ድክመትህ ምንድን ነው?» ካሉህ «ሥራ ማብዛቴ ነው» እንዳትል። እንዲህ ያለ አንድ ሰው መጥቶብኝ «እንግዲያው ደህና ዕረፍት አድርግ» ብዬ ሸኝቼዋለሁ። እውነተኛ የሆነች አንዲት ትንሽ ድክመት ንገራቸውና እንዳትጎዳህ ምን እንደምታደርግ ጨምር። የማታውቀውን «አላውቀውም፤ በሳምንት እለምደዋለሁ» በል፤ አትቀባጥር። ደመወዝ ላይ እነሱ ቀድመው ይናገሩ። «ጥያቄ አለህ?» ሲሉህ «የለኝም» አትበል። «ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ?» ብለህ ጠይቅ። ከቃላቸው ይልቅ ፊታቸውን አንብብ።

አሁን ስለ ሃያ ሁለቱ ወር። እናት ማስታመም የሚያስመሰግን ነገር ነው። ቀጣሪ ግን ሐዘን ያለበትን ሰው ይፈራል፤ እኔም እፈራለሁ። መናገር ካቃተህ አትናገር። ክፍተቱን እንደፍነዋለን። በዚያ ጊዜ እዚህ መጥተህ እኔ ጋ ስትሠራ ነበር። ማህተም አለኝ፤ የሥራ ልምድ ጽፌ በሌላ ፖስታ እልክልሃለሁ። ወረቀቱ ካለ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

እህትህን በሰላም ያገላግላት።

አጎትህ

ጥቅምት 10፣ ከማስታወሻዬ

የሥራ ልምዱን ጻፍኩ። «ታማኝ፣ ሰዓት አክባሪ፣ መጋዘናችንን በሚገባ ያደራጀ፣ ለቀለም ልዩ ዓይን ያለው፣ በራሱ ፈቃድ የለቀቀ።» ቀኑን ከእናቱ ሕመም መጀመሪያ እስከ ዕረፍቷ አደረግሁት፤ ከሰኔ እስከ ሚያዝያ፣ ሃያ ሁለት ወር። ማህተሙን ስመታ ቀለም ቀላቃዬ አየኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ አፉን አያስርም።

«ጋሼ፣ የማላውቀው ሠራተኛ ነበረን እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ ነው።»

«እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እኔን ሲቀጥሩኝ እኮ ወረቀት አልጠየቁኝም። ቆርቆሮ ሰጥተው ክፈት አሉኝ።»

እውነቱን ነው። ክዳኑን ቀዶ የሚከፍት ሰው አልቀጥርም፤ መልሶ አይገጥምለትም።

«እርስዎስ እዚያ ሄደው ያውቃሉ? እሷ ስትታመም?» አለኝ።

«ቀለሙን አማስል» አልኩት።

ኅዳር 8

ይድረስ ለጋሼ

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። ፖስታዎቹ ሁለቱም በደህና ደርሰውኛል። እኛ ደህና ነን። የእህቴ እግር ትንሽ አብጧል፤ ሐኪሙ ግን አያሳስብም ብሏታል። መምህሩ አልጋውን ከአሁኑ ገዝቶታል። እስኪገጣጠም ድረስ እንጨቱ ኮሪደሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠዋት ጠዋት በጎኑ እያለፍን እንወጣለን።

የጻፉልኝን የሥራ ልምድ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ሆስፒታል የዕቃ ግምጃ ቤት ያዥ እፈልጋለሁ የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ወረቀቱን ከሲቪዬ ጋር አስገባሁ። ለታኅሣሥ 4 ጠርተውኛል። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ያኔ የጻፍኩልዎ ሁለት አውቶቡስ ነው።

አሁን የምለምንዎ ሌላ ነገር ነው። ስለ ሱቅዎ ሊጠይቁኝ ይችላሉና ሱቁን ይንገሩኝ። በሩ ወዴት ያያል? ጠዋት ማን ይከፍታል? መደርደሪያው ስንት ነው? ምን ይሸታል? እዚያ የነበረ ሰው ሳያስብ የሚያውቀውን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 17

ለእህቴ ልጅ

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ይሄኛው እንዲደርስልህ ዛሬውኑ እልከዋለሁ።

ያልከው ልክ ነው፤ እኔ ያላሰብኩትን አሰብክ። በሩ ወደ መንገድ ያያል፤ ማዶ መነጽር ሻጭ አለ፤ ጠዋት ፀሐይ ከእሱ መስታወት ተንጸባርቃ የእኛ ባንኮ ላይ ታርፋለች። የምከፍተው እኔ ነኝ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል። መዝጊያው ወደ ላይ ሲነሳ መሃል ላይ ይነክሳል፤ በእግር ገፋ ስታደርገው ይለቃል። መደርደሪያው በግራ አምስት፣ በቀኝ አራት ነው። ነጭ ታች ነው፤ ብዙ ስለሚሸጥና ስለሚከብድ። ውድ ቀለም ከዓይን ፊት ለፊት ነው። የዘይት ቀለም ጓዳ ውስጥ ለብቻው ነው፤ ሽታው በመጀመሪያው ሳምንት ራስ ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ አፍንጫህ ይተወዋል። ወለሉ ላይ ከበሩ አንድ ክንድ ገባ ብሎ የፈሰሰ አረንጓዴ አለ፤ ከኔ በፊት የነበረው ተከራይ ያፈሰሰው ነው፤ አልለቅ ብሎ ተወነው። ከበስተኋላ ያለችው ጉርድ ወንበር የማንም አይደለችም፤ የደከመው ይቀመጥባታል። ቀለም ቀላቃዩ ጥርሱ መሃል ክፍት ነው፤ ሲስቅ ያፏጫል። ስለ እሱ ከጠየቁህ ሳቅ በል፤ የሚያውቀው ሰው ሳይስቅ አያወራውም።

ይህን ሁሉ አትዘርግፍላቸው። ከጠየቁህ አንዱን ብቻ መዘህ ተናገር። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉንም አያወራም።

ሆስፒታል ጥሩ መሥሪያ ቤት ነው። ሆስፒታል አይዘጋም።

አጎትህ

ታኅሣሥ 4፣ ከማስታወሻዬ

ዛሬ ቃለ መጠይቁ ነው። በዚያ ሰዓት ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ቆርቆሮ ነጭ ሸጥኩ።

ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለጋሼ

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። ሳልጽፍ ስምንት ቀን ያለፈው ታምሜ አይደለም።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ሩብ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ዘበኛውን በደንብ ሰላም አልኩት። «አንተ ሰው፣ ጠፋህ እኮ። እማማስ እንዴት ናቸው?» አለኝ። «አርፈዋል» አልኩት። ቆቡን አወለቀ። አምስት ደቂቃ ሲቀር ገባሁ።

ሦስት ነበሩ። የአስተዳደሩ ኃላፊ፣ የግዢ ክፍሉ ሰው፣ እና ጫፍ ላይ ዝም ብላ የምትጽፍ ሴት። የምትጽፈውን ልብ በል ስላሉኝ አየኋት። የሴቶች መኝታ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ነበረች። እናቴ የተኛችው እሷ ክፍል ነው። የሚጠይቁኝ የአስተዳደር ሰዎች ብቻ ይሆናሉ ብዬ ነበር።

የግዢው ሰው ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ጊዜው ሊያልፍበት የደረሰ ዕቃ የት ይቀመጣል አለኝ፤ ከፊት አልኩ። ድክመቴን ጠየቁኝ፤ የሰው ስም እረሳለሁ፣ ስለዚህ እጽፋለሁ አልኩ። ቀለም ቤቱን ጠየቁኝ፤ ስለሚነክሰው መዝጊያ ነገርኳቸው። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሳቀ፤ «የእኛም በር እንደዚያው ነው» አለ። ጥሩ እየሄደ ነበር።

ከዚያ ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ወረቀት ከሰኔ እስከ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ወር ውጭ አገር ነበር ይላል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ሰባት ቁጥር አልጋ ስር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው ሰውዬ ማን ነበር? ጠዋት ዙር ስንወጣ እግሩን የምንረግጠው?»

ጠበቀችኝ። ሌሎቹ እንደሚጠብቁት አልነበረም፤ ወረቀት አላገላበጠችም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይቅርታ፣ እኔ አልገባኝም» አለ የግዢው ሰው።

«እኔ ገብቶኛል» አለችው። ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለች፦ «ያለዚህ ወረቀት ብትመጣ እኔው እከራከርልህ ነበር። ጓንት አለቀ ሲሉን የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደቀረ የምትነግረን አንተ ነበርክ። አሁን ግን የምትጠይቀን የግምጃ ቤት ቁልፍ ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ ይዞ ለመጣ ሰው እንዴት አድርገን እንስጥ?»

«አይሰጥም» አልኩ። እውነቷን ነው።

ፋይሌ ላይ በቀይ ተጻፈበት። ለሁለት ዓመት እዚያ ማመልከት አልችልም።

ኮሪደሩ ላይ ተከትላኝ ወጣች። «ማህተሙ ላይ ስሙ ያለው ሰውዬ ወንድሟ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «ስትጠብቀው የነበረው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ይህን ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። እናቴ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት አልጋዋን ወደ በሩ እንዲያዞሩላት ጠይቃ ነበር። የሌሎቹ ሁሉ ወደ መስኮቱ ነው። የመድኃኒት ጋሪ ባለፈ ቁጥር ይገጨዋል። ሲስተሯ ግን ፈቀደችላት። እናቴ ምክንያቱን ለእኔ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል ብላ ነው የነገረችኝ። ለሲስተሯ ሌላ ብላት ኖሯል።

ወረቀቱን ለምን እዚያ ይዘህ ሄድክ ብለው ይቆጡኝ ይሆናል። ሆስፒታሉ ያው መሆኑን የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ሦስት ጊዜ ሳነበው ወረቀቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ወደድኩት። ለቀለም ዓይን አለው፤ በራሱ ፈቃድ ይለቃል። እሱ ይሂድልኝ አልኩ።

አልጋው ተገጣጥሟል። የምጠይቅዎ ነገር የለኝም።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 22፣ ከማስታወሻዬ

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። ሱቁን ለቀላቃዩ ትቼ ወደ ጓዳ ገባሁና የታችኛውን መሳቢያ ከፈትኩ። እህቴ ታማ ሳለች ልጇ የጻፈልኝ አሥራ አንድ ደብዳቤ አለ። ሁሉም ፋይል ውስጥ በቀናቸው ተደርድረዋል። ያኔ ሲመጡ ሰላምታውን አነብና መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚያስፈልግ አያለሁ፤ በዚያው ቀን እልካለሁ፤ ወረቀቱን አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላሳለፍኩም። መሃሉን ግን አላነበብኩም።

የሆስፒታሉ ስም በአሥራ አንዱም ውስጥ አለ። በአራተኛው ላይ «አልጋዋ ሰባት ቁጥር ነው፣ ምናልባት ከመጡ ሳይጠይቁ እንዲያገኙት» ይላል። በዘጠነኛው ላይ «ዛሬ ስለ እርስዎ ልጅነት ስታወራ ዋለች» ይላል፤ ምን እንዳለች ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎልኛል።

ምንም አልተሰማኝም። ደንበኛ መጣ ብለው ጠሩኝ፤ ወጥቼ ሸጥኩለት። መልሱን በትክክል ሰጠሁት።

ታኅሣሥ 30፣ ከማስታወሻዬ

መልስ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። የቀደድኩትን አልገለብጥም።

ጥር 3

ለእህቴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እህትህ ወልዳ ከሆነ እንኳን ማርያም ማረቻት በልልኝ።

አልቆጣህም። ሆስፒታሉ ያው መሆኑን አላውቅም ነበር። ጽፈህልኝ ነበር፤ አላነበብኩትም። ይሄን በደብዳቤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

በጥር 20 እመጣለሁ። ሆቴል አርፋለሁ፤ እህትህ ቤት ቦታ እንዳታስለቅቅ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሦስቱ ሰዎች ባሉበት ለጥር 21 ቀጠሮ አስይዝልኝ። የሥራ ልምዱን የጻፈው ሰውዬ መጥቶ ሊናገር ነው በላቸው። እሺ ካላሉ በር ላይ እቀመጣለሁ።

አጎትህ

ጥር 21፣ ከማስታወሻዬ

የተለያየነው አሥር ዓመቱ ሳለ ነው። አሁን ሠላሳ ስድስት ነው፤ ጠጉሩ ከኔ ይልቅ ሸብቷል። ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀኝ። ሰላም ተባባልን። ዕቃዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ዕቃ አልያዝኩም ነበር። እህቱ ከስድስት ቀን በፊት ሴት ልጅ ወልዳለች። እሱ ከትናንት በስቲያ ከቤቱ ወጥቶ አንድ የድሮ ባልደረባው ዘንድ ገብቷል፤ ለአንድ ሳምንት።

ሩብ ሰዓት ቀደም ብለን ነበር። ልገባ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«አምስት ደቂቃ እስኪቀር አይግቡ።»

«የቸገረው ይመስላል?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ገባሁ። ሦስቱም ነበሩ። ማስረጃው ሐሰት ነው፣ ጽፌ ማህተም የመታሁት እኔ ነኝ፣ ሐሳቡም የኔ ነው፣ ልጁ ሱቄን ረግጦት አያውቅም አልኩ።

«ይሄ ያስጠይቃል፤ ያውቃሉ?» አለ የአስተዳደሩ ኃላፊ።

«አውቃለሁ።»

«ይሄን ያህል መንገድ ይሄን ለማለት መጡ? ደብዳቤ ይበቃ ነበር እኮ።»

«የኔ ደብዳቤ እናንተ ጋ አንድ ጊዜ መጥቷል» አልኩት።

የግዢው ሰው ሳሉን ዋጠ። «ታዲያ ምን እናድርግልዎ?»

«ከፋይሉ ላይ ቀዩን አንሱለትና በኔ ላይ ጻፉት። ሥራ ስጡት አላልኩም። እንደማንኛውም ሰው ያመልክት።»

ሲስተሯ ትጽፍ ነበር። ዕድሜዋ አምሳ ይሆናል፤ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ተጠቅልሏል። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«በእነዚያ ሃያ ሁለት ወራት እርስዎ የት ነበሩ?»

ለዚህ መልስ አላጣሁም። ወገቤ አለ። የሱቁ የኪራይ ውል የታደሰበት ዓመት ነበር። እኔ ባልሸጥ የምልከው ከየት ይመጣ ነበር የሚልም አለ። ሁሉም በከፊል እውነት ነው፤ በደንብ ተራ በተራ ቢቀርብ ያስኬዳል። እንዴት እንደሚቀርብ ለሰው ያስተማርኩ ነኝ።

«ሱቅ ነበርኩ» አልኩ።

ጠበቀች። ሌላ አልጨመርኩም። ጻፈችው።

ስወጣ ልጁ ተነስቶ ቆሞ ነበር። ምን አሉ ብሎ አልጠየቀኝም። «ክፍሉን ላሳይዎት?» አለኝ። እሺ አልኩ። ደረጃ ወጣን፤ ረጅም ክፍል ነው፣ አሥራ ሁለት አልጋ። ሰባት ቁጥር ላይ ሌላ ሴትዮ ተኝታ ብርቱካን ትልጣለች። አልጋው ወደ መስኮቱ ተመልሷል። «እዚህ ነበርኩ» አለና ወለሉን አሳየኝ። ጠባብ ናት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሴትዮዋ ዕቃ የጠፋን መስሏት እግሯን ሰበሰበች።

የካቲት 14

ይድረስ ለጋሼ

በደህና እንደገቡ ተስፋ አደርጋለሁ። ሱቁን እንደተውት አገኙት? እኛ ደህና ነን። ሕፃኗ ደህና ናት፤ ቀን ትተኛለች።

የአስተዳደሩ ኃላፊ አስጠርቶኝ ነበር። ቀዩን ሰርዘውታል። የእርስዎን ቃል ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል አስረውታል፤ በእርስዎ ስም ደግሞ ደብዳቤ ይደርስዎታል ብለዋል። የዋናው ግምጃ ቤት ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የአልጋ ልብስ ክፍል ግን ሠራተኛቸው በጡረታ ወጥቶ ነበርና አመልክት አሉኝ። አመለከትኩ። ክፍተቱን ክፍት ትቼ ነው ያስገባሁት።

ሦስቱም ነበሩ። የግዢው ሰው፣ እንዳልሰማ ሆኖ፣ ከጠርሙስ ፋብሪካው በኋላ ምን ስትሠራ ነበር አለኝ። እናቴን ሳስታምም ነበር አልኩ። ከዚያስ አለኝ። ከዚያ አረፈች አልኩ። ሲስተሯ ሌላ ጥያቄ የለንም አለች። ጥያቄ አለህ ሲሉኝ ከእኔ በፊት የነበረው ለምን ለቀቀ ልል ነበር፤ ጡረታ እንደወጣ ስለነገሩኝ ተውኩት።

ለስድስት ወር ቀጥረውኛል። ደህና ከሠራሁ ይቀጥላል። ሰኞ ጀመርኩ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ጋውን ከማጠቢያው እቀበላለሁ፤ የተቀደደውን ለይቼ ለሰፊዋ እሰጣለሁ፤ ለየክፍሉ አድላለሁ። የሴቶቹ ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ ይደርሰኛል። ከሰፊዋ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ። ጠዋት ፍራሽ አላነሳም።

ሲስተሯ ያን ዕለት እርስዎን ምን እንደጠየቀችና ምን እንደመለሱ ነገረችኝ። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሌላ የሚጨምሩ መስሎት ሲጠብቅ ነበር አለች። እኔም አሰብኩበት። አንሶላ ሳጣጥፍ ለማሰብ ጊዜ አለ። እርስዎ ለእኔ መልስ እንደጻፉልኝ፣ ለዚያ ጥያቄ የተሻለ መልስ ባገኝ ኖሮ እጽፍልዎት ነበር። አላገኘሁም። የመለሱት ትክክል ነው።

የእህትዎ ልጅ